የአራት ወሩ ሕፃን፣ የሰባት ቀኑ ትኩሳትና የ80,000 ብሩ ጥያቄ

የሆጤ ልጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። እዚህ ብዙ ጊዜ የምንወያየው ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ቤት ኪራይ ነው፤ የእኔ ጭንቀት ግን የመጣው ከወዲያ ነው። ደሴ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የአራት ወር ልጁን ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ለማሳከም 80,000 ብር በአስቸኳይ እንድልክለት ጠይቆኛል።

ሕፃኑን ትኩሳት ከያዘው ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ሽንቱ ሲመረመር ነጭ የደም ሴል ስለታየበት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተጀመረለት፤ መድኃኒቱን ሦስት ቀን ቢወስድም ትኩሳቱ አልበረደም። ትናንት አንድ ወጣት ሐኪም «ካዋሳኪ ሊሆን ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል» ብሎ ሪፈር ጻፈ። የወንድሜ ሚስት ስሙን ከወረቀቱ ላይ ስታነብልኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሞተር ብስክሌት በቀር የታወሰኝ ነገር አልነበረም። ያለማቋረጥ ከማልቀሱና ዓይኑ ትንሽ ከመቅላቱ በቀር ሌላ ምልክት የለውም ይላሉ፤ ሽፍታ አልወጣበትም፣ ከንፈሩ አልቀላም፣ እጅና እግሩም አላበጠም። ባለፈው ዓመት ለእናታችን ቤት ቆርቆሮ ብዬ የላክሁት ገንዘብ ለባጃጅ ቀብድ ውሎ ስላገኘሁት፣ አሁን ለማመን እየተቸገርሁ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ በእርግጥ አለን? ካለስ ምልክቱ ሳይሟላ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ነው?

የረምላ እናት

አብሽሪ እህቴ፣ በሽታው አለ፤ የእኔም ልጅ ይዞት ነበር። የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። ልጁ በሦስት ወሩ ሲታመም ኮምቦልቻ ቤተሰብ ጠይቀን ከተመለስን ገና ሁለት ሳምንታችን ስለነበር፣ የሄድንበት ሁሉ «ከአፍሪካ መጡ» እየተባለ የወባ ምርመራ ብቻ ይታዘዝልን ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ገላውን ሳጥበው የጣቶቹ ጫፍ ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ አየሁት። ነገሩ የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱም የተሰጠው ልብን የሚመግበው አንዱ ደም ሥር ከተለጠጠ በኋላ ነበር። ዛሬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል፤ ነገር ግን በየቀኑ አስፕሪን ይወስዳል፣ በየጊዜውም ልቡ ይታያል። በሰባተኛው ቀን ይህን የጠረጠረ ሐኪም አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ምርቃቴ አያልቅም ነበር።

ቦርከና

እኔ ቶሮንቶ ውስጥ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ስለምሠራ፣ የማውቀውን ያህል ልግለጽ። በሽታው የተሰየመው በጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም በቶሚሳኩ ካዋሳኪ ስም ነው፤ እሳቸው የመጀመሪያውን ሕፃን ያዩት በ1961 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የ50 ሕፃናትን ታሪክ ያሳተሙት በ1967 ነበር። ምክንያቱ እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም፤ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በሽታም አይቆጠርም። ሰውነት በገዛ ደም ሥሮቹ ላይ ተነሥቶ ያስቆጣቸዋል፤ ትልቁ አደጋ ያለውም የልብን ጡንቻ በሚመግቡት ቀጫጭን ደም ሥሮች ላይ ነው።

በተለመደው መስፈርት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ትኩሳት ከአምስቱ ምልክቶች ከአራቱ ጋር ሲገኝ በሽታው አለ ይባላል። ምልክቶቹም መግል የሌለው የሁለቱም ዓይን መቅላት፣ የከንፈርና የምላስ መቅላት ወይም መሰነጣጠቅ፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር ማበጥ፣ እንዲሁም የአንገት ዕጢ ማበጥ ናቸው። የእህታችን ጥርጣሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ይህን መስፈርት አያሟሉም፤ የደም ሥራቸው ግን ከትልልቆቹ ይበልጥ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከስድስት ወር ያልበለጠ ሕፃን ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሰባት ቀን ከቆየበት፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም እንኳ የደም ምርመራ፣ ደሙም የሰውነት መቆጣት ካሳየ የልብ አልትራሳውንድ እንዲደረግለት ይመክራል። ሐኪሙ የሠራው ስሕተት የለም፤ እንዲያውም ብዙዎች የሚያልፉትን ነው ያየው።

ሽንቱንም በተመለከተ፣ በዚህ በሽታ ባክቴሪያ ሳይኖር ነጭ የደም ሴል በሽንት ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ፣ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠየቅ። የሰውነትን መቆጣት የሚያሳዩት ሲአርፒና ኢኤስአር፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን፣ የጉበት ምርመራና ሄሞግሎቢን አንድ ላይ ይታዩ። ሌላም አለ፤ አገር ቤት ሕፃን ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ክንዱ ላይ ይሰጠዋል፤ ያ ጠባሳ ድንገት ቀልቶና ጠጥሮ ከተገኘ ለዚህ በሽታ ጠቋሚ ነው። እዚህ ካናዳ አብዛኛው ሕፃን ክትባቱን ስለማይወስድ እኛ በዚህ ምልክት አንጠቀምም።

ጦሳ ማዶ

ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንድማችን ቶሮንቶ ተቀምጦ ደሴን እያከመ ነው። የአራት ወር ሕፃን ልብ በአልትራሳውንድ ማየት ልምድ ያለው እጅና ለሕፃን የሚሆን መሣሪያ ይጠይቃል። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ገንዘብ ስልክ ኖሬ፣ ወረቀቱን በፎቶ ሳላይ የምልከው ብር የለም። ምሽት ሥራ ላይ ቆሜ ያገኘሁትን «ሰው ታሞ» ተብዬ ልኬ፣ የታመመው ሰው በሠርግ ፎቶ ላይ ሲጨፍር ያየሁበት ጊዜ አለ። እህቴ፣ መጀመሪያ ሪፈሩን ይላኩልሽ፤ ከዚያ ሐኪሙን ራሱን በስልክ አነጋግሪው።

ቦርከና

ጋሼ፣ ፎቶው ይላክ፤ ነገር ግን ቀኑ እየተቆጠረ ነው። መድኃኒቱ ትኩሳቱ በጀመረ በዐሥር ቀን ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። ካልታከሙት ሕፃናት ከአራቱ አንዱ ያህል የልብ ደም ሥሩ ይለጠጣል፤ በጊዜ የታከሙት ግን 4 በመቶ ገደማ ናቸው። የባጃጁ ቂም በዐሥራ አንደኛው ቀንም ሊወራ ይችላል።

ጦሳ ማዶ

ቂም አላልሁም፣ ጥንቃቄ ነው ያልሁት። ሁላችሁም የላኪውን ወገን ስታዩ ሞኝ ይመስላችኋል።

የሐረጎ መንገድ

እኔ ከጂዳ ተመልሼ ኮምቦልቻ ስኖር አምስት ዓመቴ ስለሆነ፣ የናንተን ናፍቆትም የእነሱንም ጭንቀት አውቀዋለሁ። ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አያቱ ምን ይላሉ? እዚህ የሕፃን ጉሮሮና አፍ ቀልቶ ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚባለው «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» ነው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን እንጥሉ ሲቆረጥ ሊደማና ሊመረዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል። ከንፈሩ አልቀላም የተባለውንም አትመኑ፤ የደረቀ ከንፈር ሲታይ ቅቤ ይቀባልና መሰነጣጠቁ ይሸፈናል። ሽፍታም በጠይም ገላ ላይ ቶሎ አይለይም፤ በቀን ብርሃን ልብሱን አውልቆ፣ ብሽሽቱንና ዳይፐር የሚታሰርበትን ቦታ ጭምር ማየት ያስፈልጋል። አያትን ግን በስልክ አትገሥጹ፤ ልጁን ቀንና ሌሊት ታቅፈው የሚያድሩት እሳቸው ናቸውና ጥሩ ምስክርም ይሆናሉ።

የሆጤ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን በቪዲዮ አነጋገርኋት። የክትባቱን ጠባሳ ስጠይቃት «ትንኝ ነክሶት ነው ብዬ ነበር» ብላ የቀላውን ክንዱን አሳየችኝ። ከንፈሩንም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቅቤ ስትቀባው ነበር። እንጥል የሚቆርጡ ሰውም ለቅዳሜ ተነግሯቸው ኖሯል፤ ለምኛት ቀርቷል። የደም ውጤቱ ፕሌትሌት ከፍ ብሎ 610,000፣ አልቡሚን ዝቅ ብሎ 2.7፣ ሄሞግሎቢንም ዝቅተኛ ሆኖ መጥቷል፤ ሲአርፒው ከፍተኛ ነው ተብሏል፤ ሽንቱም በካልቸር ባክቴሪያ አልወጣበትም። ሐኪሙን በስልክ አግኝቼው በጨዋነት አስረዳኝ። 40,000 ብር ልኬያለሁ፤ ነገ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። አሁን የቸገረኝ የመድኃኒቱ መጠን ነው። ክብደቱ 6 ኪሎ ነው። ቀሪው 40,000 በእርግጥ ያስፈልጋልን?

ቦርከና

መድኃኒቱ ኢሚውኖግሎቡሊን ይባላል፤ ከብዙ ደም ለጋሾች ፕላዝማ የሚጣራ ነው፣ ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሚሰጠው በኪሎ 2 ግራም ስለሆነ ለእሱ 12 ግራም ይሆናል፤ ባለ 5 ግራም ሁለት ጠርሙስና ባለ 2.5 ግራም አንድ ይበቃል፤ ግማሽ ግራም ይተርፋል። በደም ሥር ከ10 እስከ 12 ሰዓት በዝግታ ይገባል፤ ከእሱ ጋር አስፕሪን ይሰጣል። ፋርማሲው ውስጥ መኖሩ ሕፃኑ ከመጓዙ በፊት ዛሬውኑ በስልክ ይጠየቅ።

ጦሳ ማዶ

ከዚህ ገዝቶ በመንገደኛ መላክ አይረክስም ወይ?

ቦርከና

አይሆንም፤ አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ በሻንጣ ተይዞ የሚሄድ አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይሸጥም።

ጦሳ ማዶ

እንግዲያው ዋጋው በደረሰኝ ይታወቅና ለፋርማሲው በቀጥታ ይከፈል። ለወንድምየው እጅ አይሰጥ። እኔም በግሌ የአንድ ጠርሙስ ዋጋ እችላለሁ፤ ደረሰኙን ግን አያለሁ።

የሐረጎ መንገድ

ጋሼ፣ የታመመ ልጅ ያቀፈ አባት በደረሰኝ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው አስበውታልን?

ጦሳ ማዶ

አስቤዋለሁ። እኔም አባት ነኝ።

የረምላ እናት

ክርክሩ ይቆያችሁና አንድ ነገር ላስታውስ። የመጀመሪያው የልብ ምስል ደህና ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደግሞም በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይደገማል፤ የልጄ ሐኪም «ዛሬ አልተለጠጠም ማለት አይለጠጥም ማለት አይደለም» ይለኝ ነበር። በዘጠኝ ወሩ የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም ከዚህ መድኃኒት በኋላ እስከ 11 ወር ድረስ ላይሠራ ስለሚችል እንዲዘገይ ይመከራል፤ በክትባት ካርዱ ላይ ይጻፍላቸው። አስፕሪን እየወሰደ ጉንፋን ወይም ጉድፍ ከያዘው ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሆጤ ልጅ

ካርዱን እናቴ መሶቡ ሥር አስቀምጣው ኖሮ አሁን አውጥታ ለወንድሜ ሚስት ሰጥታታለች። ወንድሜ ደረሰኙን ራሱ እልካለሁ ብሏል፤ ስለ ባጃጁም በራሱ ጊዜ አንሥቶ አንድ ነገር ሊነግረኝ ሲጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ።