ቡሬ ለሠራነው ቤት ዲኮደር ወይስ ዲሽ?

ከቶሮንቶ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንዴት ከርማችኋል? ቡሬ ላይ ከአራት ዓመት በፊት የጀመርነው ቤት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልቆ ቁልፉን ተረከብን። ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ለገና ገብተን፣ ጥምቀትን አክብረን ለመመለስ አስበናል። ከዚያ በኋላ ቤቱን የምትጠብቅልን አክስቴ ናት። ባለቤቴ ኳስ እንዳያመልጠው ዲኮደር እናስገባ ይላል። እኔ ደግሞ በዓመት አንድ ወር ለምንኖርበት ቤት ወር በወር መክፈሉ ከብዶኛል። በማንኖርበት ጊዜም ይከፈላል? ከዚህ ገዝተን ብንሄድስ ይሠራል? ያያችሁትን ንገሩኝ።

ከዴንቨር፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ የደስታና የጤና ቤት ያድርግላችሁ። እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ እናቴ የምትኖርበት፣ በየዓመቱ ሄጄ የማርፍበት ቤት አለኝ። ዲሽ ሦስት ጊዜ አስተክያለሁ፤ በሦስቱም የተማርኩት ነገር ስላለ ረዘም ቢልብሽ ታገሽኝ።

በማትኖሩበት ወር አትከፍሉም። ባለቤትሽ የሚለው ዲኤስቲቪን ከሆነ፣ ኳሱን በወር ክፍያ በሳተላይት የሚያሳየውን ማለቴ ነው፣ አገር ቤት ቅድመ ክፍያ ነው፤ እንደ ካርድ ቆጣሪ መብራት ቁጠሪው። ስትከፍይ ይከፈታል፣ ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል። ጥቅሎቹ ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ፕላስና ፕሪሚየም ይባላሉ። ዋጋቸውም፣ የያዟቸው ጣቢያዎችም በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ባለቤትሽ የሚፈልገው ሊግ የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ስለሚቻል መጀመሪያውኑ ትልቁን አትግዙ።

ከቶሮንቶ ዲኮደር ይዘሽ መሄዱን ተይው። የሰሜን አሜሪካ የሳተላይት ቴሌቪዥን ጨረሩ የተቃኘው ለዚያው አህጉር ነው፤ ቡሬ ላይ ሳህኑን ወዴትም ብታዞሪው አይደርስም። ከናይሮቢ ወይም ከሌላ የአፍሪካ አገር የሚመጣውም ቢሆን ሂሳቡ የተመዘገበው እዚያው አገር ስለሆነ በብር አይሞላም። ዲኮደሩ እዚያው ይገዛ፣ እዚያው ይመዝገብ።

ምዝገባውን ግን እንደ ቀላል አትዪው። እኔ ዲኮደሩን የገዛሁበት ሱቅ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ በራሱ ሠራተኛ ስምና ስልክ አስመዝግቦት ኖሯል። በዓመቱ ስመለስ ሱቁም የለም፣ ስልኩም አይነሳም። ዲኮደሩ የእኔ መሆኑን ለማስረዳት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ ገና አለፈ። በራሴ የኢትዮጵያ ቁጥር አስመዝግቤው ቢሆን ኖሮም ያው ነበር፤ ሲሙን ዓመት ሙሉ ሳልጠቀምበት ስለቆየሁ ተዘግቶ አገኘሁት። ስለዚህ በአክስትሽ ስም፣ በአክስትሽ መታወቂያ፣ ዘወትር ከእጇ በማይለየው ስልክ ይመዝገብ። የስማርት ካርዱን ቁጥር ፎቶ አንሺና አንዱን ለራስሽ፣ አንዱን ለወንድምሽ ላኪ። ክፍያ የሚጠየቀው በዚያ ቁጥር ነው።

አሁን አክስትሽን አስቢያት። እናንተ በቤቱ የምትኖሩት አንድ ወር ነው፤ እሷ ግን አሥራ አንዱን ወር ብቻዋን ናት። እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት የሚከፈልበትን ዲኮደር ብቻ ነበር። ሦስት ሳምንት ኳሱንም ዜናውንም አየንበት፣ እኔ ስመለስ ተዘጋ። በዓመቱ ስሄድ ሳጥኑ ላይ በጥልፍ የተሠራ ጨርቅ ተሸፍኖበት አገኘሁት። ጎረቤት መጥቶ ቴሌቪዥኑን ክፈቺልን ሲላት እናቴ «እሱ ልጄ ሲመጣ የሚከፈት ነው» ትል ነበር አሉኝ። ይህን ስሰማ ያዘንኩትን ያህል በራሴ አዝኜ አላውቅም። ባህር ማዶ ሆነን ለሦስት ሳምንት ድሎታችን ስናስብ ቤቱን የሚያሞቅልንን ሰው እንረሳለን።

ከዚያ ወዲህ ለማንም የምለው ይኸው ነው፦ መጀመሪያ በነፃ የሚታየው ዲሽ፣ ቀጥሎ የሚከፈልበት ዲኮደር። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ኬብል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት መሰኪያ። አንድ ሳህን ሁለቱንም ይሠራልሻል የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ የትኛውን ሳተላይት ከየትኛው ጋር ሊያጣምር እንዳሰበ ጠይቂው፤ በሰማይ ላይ የተራራቁ ከሆኑ አይሆንም።

የነፃውን ነገር ላስረዳሽ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲጀምር ለእናቴ ሁለተኛውን ዲሽ አስተከልኩ። ያን ጊዜ የእኛ ጣቢያዎች የሚታዩት በናይልሳት በኩል፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነበር። ከማርቆስ ሲታይ ያ ሳተላይት ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው፤ ከአድማስ የሚነሳው 38 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ በኩል ደግሞ የጎረቤታችን ባህር ዛፍ አለ። ሲተከል ጉልበት አይደርስም ነበር፤ የባህር ዛፍን አስተዳደግ ታውቂዋለሽ። ከሳህኑ አሥር ሜትር የራቀ ዛፍ ከሳህኑ በላይ ስምንት ሜትር ከፍ ካለ ያንን ማዕዘን ይዘጋዋል። በሦስተኛው ዓመት እናቴ «ነፋስ ሲነፍስ ይቆራረጣል» አለችኝ፤ በአራተኛው ጭራሽ ጠፋ። ጎረቤቱን ቁረጥልኝ ማለት አይቻልም፤ ጎጃም ውስጥ ባህር ዛፍ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የሠርግ ወጪ ነው። ወደ እንጅባራ ወጣ ካልሽ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ለከሰል እስኪደርስ ድረስ የሚያድግበትን ፍጥነት ያየ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮሳት ሲመጣ ችግሩ በሌላ በኩል ተፈታልኝ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኤንኤስኤስ 12 በሚባለው ሳተላይት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ተሰባሰቡ፤ ብዙዎቹም ቀስ በቀስ ናይልሳትን ለቀቁ። ይህኛው ከጎጃም ሲታይ ከአድማስ ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ዛፍ በቀላሉ አይደርስበትም። አቅጣጫውን ለማወቅ ኮምፓስ አያስፈልግሽም፦ በገና ሰሞን ማለዳ ደጅ ቁሚ፤ ፀሐይ ከምትወጣበት ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ግን ሽቅብ። ሳህኑ ከተተከለ በኋላ ስታዪው ዝቅ ብሎ የሚያይ ይመስላል፤ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከሳህኑ ፊት ለፊት ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ፣ ከመሃሉ ወደ ታች ስለተሰካ ነው እንጂ የሚተክለው ልጅ አልተሳሳተም።

ክፍያ ሙሉ ወር ስለሆነ ቀኑን ምረጪ። ከቶሮንቶ ሳትነሺ አትክፈዪ፤ መንገድ ላይ ያለሽበት ሳምንት ይበላብሻል። ቤት ገብታችሁ ዲኮደሩን አብርታችሁ፣ ሥዕል ባይኖረውም ሲግናል መያዙን አይታችሁ፣ ያኔ ክፈሉ። የመክፈቻው ትእዛዝ የሚመጣው በሳተላይቱ በኩል ነው፤ ዲኮደሩ ጠፍቶ ከሆነ አይቀበለውም። በገና ዋዜማ የተከፈለ ጥምቀትን አልፎ፣ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ ብትሄዱ እንኳ አያልቅም።

ከፍለሽ «ኢ 16» የሚል ጽሑፍ ከቀረ ክፍያው ዲኮደሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሳታጠፊ ከደንበኞች አገልግሎት ወይም ከመተግበሪያው እንደገና አስልኪው። «ኢ 48» ካለ ግን ገንዘቡ ጋ ጉዳይ የለውም፤ ሲግናል የለም ማለት ስለሆነ ኬብሉንና ሳህኑን እይ። ይህን ባለማወቅ ያልተበላሸ ዲሽ የሚያስፈርስ ብዙ ሰው አለ።

መክፈያው ቴሌብር ይሻላል። በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ በእኛ በኩል ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያን ጊዜ በስልክ ፊልም ወይም ዜና ማየት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የእናቴ ሳህን ግን ሰማዩን እያየ ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር። «ስማርት ቴሌቪዥን ይበቃል፣ ዲሽ ምን ያደርጋል» የሚሉሽን አትስሚ።

አሁን መብራቱ። አገር ቤት 220 ቮልት ነው፣ እናንተም እኛም ጋ 120። እኔ ከዴንቨር ስድስት ቀዳዳ ያለው ዲቫይደር ይዤ ሄድኩ፤ ዕቃን ከጉዳት ይከላከላል የተባለለት ዓይነት። ጀርባው ላይ 125 ቮልት ይላል፣ አላነበብኩትም። ገና ስሰካው ጧ አለና ጨሰ፤ የተቃጠለው ላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ለሁለት ቀን አልለቀቀም፣ እናቴ ዕጣን አጨሰችበት። ከእናንተ ጋ የሚሄድ ማንኛውም ዕቃ ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ካልተጻፈበት አትሰኩት። ዲቫይደሩንና ስታብላይዘሩን እዚያው ግዢ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ስታብላይዘር የሌለው ዲኮደር ዕድሜ የለውም። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሶኬቱ ብቻ ሳይሆን የዲሹም ኬብል ከኋላ ይነቀል፤ መብረቅ በኬብሉም ይገባል። አክስትሽ ይህን ሳትነግሪያት ታደርገዋለች፤ የጎጃም እናት መብረቅን ታውቀዋለች።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ሪሞቶቹ ሦስት ይሆናሉ፦ የቴሌቪዥኑ፣ የሪሲቨሩ፣ የዲኮደሩ። እናቴ ግራ ሲገባት የነፃው ሪሲቨር ሪሞት ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት፤ መክፈቻው ቁልፍ ላይ ደግሞ የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግሁበት። «ቀዩን ያዢ፣ ቀዩን ተጫኚ» አልኳት። አሁን ጠዋት ስደውልላት ከጀርባዋ የዜናው ድምፅ ይሰማኛል።

ከቶሮንቶ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እውነቴን ነው፣ ስለ አክስቴ ያሉት ልቤን ነካው፤ እኛ ስለ ኳሱ ብቻ ነበር የምናወራው። ዛሬ ደውዬ ጠየቅኋት። ምዕራቡ በኩል የጎረቤት ባህር ዛፍ አለ፣ ምሥራቁ ግን ጓሮ ነው፣ ጎመን ተተክሎበታል አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ፦ ዲሹን አሁኑኑ ላስተክልላት ወይስ እኛ እስክንደርስ ይቆይ? ክረምቱስ? የቡሬን ሐምሌ ያውቁታል። ጣሪያው ላይ ይውጣ ወይስ መሬት ላይ?

ከዴንቨር፦

የነፃውን አሁኑኑ አስተክዪላት፤ እናንተን መጠበቅ የለባትም። የሚከፈልበት ስትደርሱ ይደርሳል።

ጣሪያ ላይ አይሁን። ቆርቆሮ ላይ ሲተከል ነፋስ ሳህኑንም ቆርቆሮውንም ያንቀሳቅሳል፤ በምስማሩ ቀዳዳም ዝናብ ያስገባል። ጓሮው ክፍት ከሆነ ብረት ቱቦ በሲሚንቶ ይቀበርና እዚያ ላይ ይታሰር፤ ከጎመኑ ፈቀቅ ብሎ፣ ከብት የማይታከክበት ቦታ። ሲበላሽም መሰላል ሳያስፈልግ ይነካል። ኬብሉ ኤልኤንቢው ጋ የሚገባበት ቦታ በፕላስተር በደንብ ይጠቅለል፤ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ትንሽ ወደ ታች ይርገብ፣ ውሃው በኬብሉ ተከትሎ እንዳይገባ ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል። አይጥ ስለሚቆርጠው ግድግዳውን የሚያልፈው በቱቦ ውስጥ ይሁን።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሥዕሉ ይጠፋል፤ ደመናውና ዝናቡ ሞገዱን ስለሚያደክሙት ነው። ዶፉ ሲያልፍ ራሱ ይመለሳል። ለአክስትሽ ይህን ንገሪያት፤ ዝናብ እየጣለ ማንም ሰው መጥቶ ሳህኑን እንዳያዞረው። በካፊያም የሚጠፋ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ በትክክል አልተቃኘም። ልጁ ሥዕል እንደመጣ «በቃ ያዘ» ብሎ ሊወርድ ይቸኩላል። አትልቀቂው። በጠራ ቀን የሪሲቨሩን የሲግናል ጥራት መስመር ከፍቶ፣ ሳህኑን ጥቂት በጥቂት እየነካካ ከፍተኛው ቁጥር ላይ ያድርሰውና ከዚያ ብሎኑን ያጥብቅ። ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ላኪለት። እኔም ፎቶውን እዚህ ብታሳዪኝ አይቼ እነግርሻለሁ።

ቀይ ክሩንም እንዳትረሺ።