የወረዳችንን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት እንዴት እንቁጠር? ከደቡብ ወሎ የቀረበ ጥያቄና የአባላት መልስ

ጥያቄ፦ ደጋዋ (ደቡብ ወሎ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ደጋ ወረዳ በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ ነኝ። ወረዳው በዓመት የሚለቀውን የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠንና የመቀነሻ ሐሳብ የያዘ ሰነድ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። በእጄ ያለው ከቀበሌዎች የተሰበሰበ የእንስሳት ቁጥር፣ የተተከለ ችግኝ ብዛትና የመሥሪያ ቤት መኪኖች የነዳጅ ወጪ ብቻ ነው፤ መለኪያ መሣሪያ የለንም። ያለ መሣሪያ የተገኘ ቁጥር ይታመናል ወይ? የእኛ ቁጥርስ ከአገርና ከአህጉር ቁጥር ጋር የሚገጣጠመው እንዴት ነው፤ አንዱ ልቀት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠርስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፤ መሣሪያ የሌለው የእናንተ ወረዳ ብቻ አይደለም። የአገሮች ይፋዊ የልቀት ሪፖርት በአብዛኛው የሚዘጋጀው አየሩን በመለካት ሳይሆን በስሌት ነው። ስሌቱ የከብቱን ቁጥር ወይም የተቃጠለውን ነዳጅ መጠን ለዚያ በተመደበው የልቀት ምጣኔ ማባዛት ሲሆን፣ ምጣኔዎቹ የሚገኙት የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መመሪያ ውስጥ ነው። መመሪያው ሦስት የስሌት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ በአፍሪካ ከታላቢ ላሞች ውጭ ላለ አንድ የዳልጋ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ግራም ሚቴን (እንስሳው የበላውን ሲፈጭ የሚወጣ የሙቀት አማቂ ጋዝ) ይያዛል፤ ለበግና ለፍየል 5፣ ለፈረስ 18፣ ለበቅሎና ለአህያ ደግሞ 10 ኪሎ ግራም ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያሉ 10,000 ከብቶች በዓመት 310 ቶን ሚቴን ይለቃሉ ማለት ነው። የሚቴን የማሞቅ አቅም በፓሪስ ስምምነት የሪፖርት ደንብ መሠረት የካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ ይህ ከ8,680 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት የከብት ቆጠራው ነው። ከፋሲካ ወይም ከአረፋ በፊት የተቆጠረ በግና ከበዓሉ በኋላ የተቆጠረ በግ እኩል አይደለም፤ አንዱ ቀበሌ በፊት፣ ሌላው በኋላ ቆጥሮ ከሆነ ድምሩ ምንም አይነግርሽም። ቆጠራው የተካሄደበትን ወርና የቆጠረውን ሰው ኃላፊነት ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ጻፊ።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር (ደሴ)

ድርብ ቆጠራን በተመለከተ በደጋ ወረዳ ትልቁ ጉዳይ ኩበት ነው። ለማገዶ የነደደ ኩበት በኢነርጂ ዘርፍ ይመዘገባል እንጂ በእበት አያያዝ ሥር ዳግመኛ አይገባም። እንጨት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበኩሉ የደን ሀብት መቀነስ ሆኖ በመሬት አጠቃቀም ዘርፍ ስለሚያዝ፣ በኢነርጂ ሥር የሚጻፈው ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ (ሌላው የሙቀት አማቂ ጋዝ) ብቻ ነው። ናፍጣ ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይያዝ። የመብራት ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ብዙ ጊዜዎን አይውሰድብዎ።

የወረዳው ቁጥር ከአህጉሩ ጋር የሚያያዘው በአገር በኩል ነው። በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 13 መሠረት አገሮች ልቀታቸውንና የመቀነስ ሥራቸውን የሚያሳይ የግልጽነት ሪፖርት በየሁለት ዓመቱ ያቀርባሉ፤ የመጀመሪያው ማቅረቢያ ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ነበር፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ አገሮች ግን ጊዜውና ዝርዝሩ ለራሳቸው ውሳኔ ተትቷል። አፍሪካ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያም ውስጥ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅና አልጄሪያ ከፍተኛውን ይይዛሉ። የደቡብ አፍሪካን ልቀት ለመከታተል የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቹን መዝገብ መመርመር ብዙ ርቀት ያስኬዳል። የእኛ ልቀት ግን በየገበሬው በረትና ማሳ ስለተበተነ ከወረዳ የሚነሳው መረጃ ካልጠራ በአዲስ አበባ የሚያስተካክለው የለም። ለዚህ ነው ሥራዎን ቀላል አድርገው እንዳይመለከቱት የምለምንዎ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ደጋዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በመቀነሻው ክፍል ላይ የችግኙን ቁጥር ላስቀድም አስቤ ነበር፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ የጦሳ ልጅ (የግብርና ባለሙያ)

የተተከለው ችግኝ ካርቦን የሚይዘው ሲጸድቅ ነው፤ ስለዚህ የጸደቀውን በናሙና ቆጥረሽ አስገቢ፣ ተከልለው ያገገሙ ተራሮችንም አትርሺ። የምርጥ ምድጃም እንዲሁ የተከፋፈለው ሳይሆን ዛሬም እንጀራ የሚጋገርበት ይቆጠር።

እኔ ግን የማስቀድመው ከብቱን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ዕቅድ፣ ምንም እርምጃ ባይወሰድ በ2030 ይደርሳል የተባለውን 403.5 ሚሊዮን ቶን ልቀት በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች፤ አብዛኛው ቅናሽም በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። እንስሳት ከዋነኞቹ የልቀት ምንጮች መካከል ናቸው። ችግሩ ግን ቦርከና የጠቀሰው የመጀመሪያ ደረጃ ስሌት ለእያንዳንዱ ከብት አንድ ቋሚ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ገበሬው በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ተክሎ፣ ገለባውን በዩሪያ አክሞ፣ የላሟን ወተት ቢጨምርና በአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ልቀት ቢቀንስም ቅናሹ በሰነድሽ ላይ አይታይም። በዚያ ስሌት ልቀት የሚቀንሰው ከብት ሲቀንስ ብቻ ነው፤ ይህንን ለወሎ ገበሬ ይዞ መሄድ ደግሞ ተገቢም የሚያዋጣም አይደለም። ስለዚህ ከየቀበሌው ጥቂት ቤተሰቦችን መርጠሽ የከብቶቹን የደረት ዙሪያ በሜትር ለኪ፤ ክብደታቸው ከዚያ ይገመታል። የቀን ወተቱንና የመኖውን ዓይነት በበጋና በክረምት ለይተሽ መዝግቢ። ሁለተኛው ደረጃ ስሌት የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ውጤቱን ከጠቅላላው ልቀት ጎን ለጎን በአንድ ሊትር ወተት አስልተሽ አቅርቢ። የመመዝገቢያ ቅጹን ካዘጋጀሽ በኋላ እዚሁ ብትለጥፊው ከመኖ አንጻር አይቼ አስተያየት እሰጥሻለሁ።