ስልክ ከእጅ በማይለይበት ዘመን ልብን ሰብስቦ መኖር እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ (የሂሳብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሥራ ተቀጥሬ የምሠራ ስሆን፣ የሥራ ትእዛዙም ሰነዱም በቴሌግራም ግሩፕ ስለሚመጣ ስልኬን አጥፍቼ መዋል አልችልም። ይህስ በሥራ ሰዓት ባልከፋ፤ የሚያሳስበኝ ማታው ነው። ቡና ተፈልቶ አቦሉ እንደተቀዳ የሁላችንም ዓይን ወደየስልካችን ይሄዳል። እናቴ የጀመረችውን ወግ የሚሰማት ስታጣ መሐል ላይ ታቋርጥና ፍሙን መቆስቆስ ትጀምራለች፤ ቶናው ሲቀዳም ቀና የሚል የለም። ከልጄ ጋር ልሠራው ያልኩት የቤት ሥራና ላነበው ያስቀመጥኩት መጽሐፍ ሳይነኩ ይመሻል። ስልክ ይቅርብኝ አላልኩም፤ ቀኔን አስቤበትና ለምፈልገው ነገር ሰጥቼው መኖር እሻለሁ። ለመሆኑ ይህ የቁርጠኝነት ማነስ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ምን ይበጃል ትላላችሁ?

መልስ (የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ የቁርጠኝነት ማነስ ብቻ ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ስልካችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ተመልካቹ በቆየ ቁጥር ስለሚበዛ፣ ንድፋቸው ሰውን ለማቆየት የተሰላ ነው። ድሮ አንድ ገጽ ስንጨርስ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረብን፤ ያቺ ቅጽበት «ይበቃኛል ወይስ ልቀጥል?» ብለን የምንወስንባት ነበረች። አዛ ራስኪን የተባለው የንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ማለቂያ የሌለውን ገጽ ሲቀርጽ ግን ያቺ ቅጽበት ጠፋች፤ እሱ ራሱም ከዓመታት በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ከዚያ በላይ የሚይዘን ምን እንደሚመጣ አለማወቃችን ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ርግቦችን ሲያጠና፣ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ የማያውቁት ርግቦች ሰሌዳውን በምንቃራቸው ያለመታከት ይመቱ ነበር። መልእክት ይኑር አይኑር ሳናውቅ በየደቂቃው ስልካችንን የምናነሣውም በዚሁ ጠባይ ነው።

«አንዲት መልእክት ብቻ አይቼ ልመለስ» ማለትም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዞር፣ በተለይም የፊተኛውን ሳይጨርስ ሲተወው፣ የሐሳቡ ከፊል እዚያው እንደሚቀር አሳይታለች። ስለዚህ ማታ የመጣን የሥራ ሰነድ ገለጥ አድርገው ወደ ቡናው ቢመለሱ፣ እናትዎን የሚያዳምጡት በግማሽ ልብ ነው።

በቴሌግራም የማሳወቂያ ቅንብር ውስጥ የግል መልእክት፣ ግሩፕና ቻናል ለየብቻ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ከተዘጉትም መካከል የሚፈልጉትን ለይተው ክፍት ማድረግ ይቻላል። የቻናሎቹን ሁሉ ድምፅ ዛሬውኑ ያጥፉ። ቻናል የሚያስቸኩል ነገር የለውም፤ በፈቀዱት ሰዓት ገብተው ያነቡታል። ማታ ደግሞ ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው ቡና ከሚፈላበት ክፍል ውጭ ይሁን።

መልስ (መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማሳወቂያ መዝጋት ሰዓቱን ባዶ ያደርገዋል እንጂ አይሞላውም፤ ባዶ ሰዓት ደግሞ ስልኩን መልሶ ይጠራዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ሰዓቱ ለምን እንደሚውል ነው። በእኛ አገር ይህ ልማድ እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ አማኙ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉት፤ ሙስሊሙ አምስት ወቅት ሶላት ይሰግዳል። ሁለቱም ሰዓቱ ሲደርስ «ዛሬ ደስ ይለኛል ወይ?» ብለው አይጠይቁም፤ ውሳኔው ቀድሞ ያደረ ነው። አባቶቻችን ስለ ዕረፍት ቀን ለብዙ ዓመታት ተከራክረው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር የወሰኑት ሥራ የሚቆምበትን ጊዜ እንደ ትንሽ ነገር ስላላዩት ይመስለኛል።

የቅኔ ተማሪንም ይመልከቱ። ቅኔ ለመቁጠር ከጉባኤው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ዳር ለብቻው ይቀመጣል፤ ቤቱን፣ ምቱንና ምሥጢሩን በአንድ ልብ ይይዛል፤ ከዚያ ያሰበውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። እርስዎም ለንባብዎ አንድ የታወቀ ሰዓትና አንድ የታወቀ ቦታ ይስጡት፤ አጭር ቢሆንም ግድ የለም፣ ሰዓቱ ግን አይናወጥ።

መልስ (የቤት ውስጥ ሠራተኛ፣ ኩዌት)

ሁላችሁም ስለ ስልክ ስትነጋገሩ ባሕር ማዶ ያለነውን አትርሱን። የኩዌትና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ፣ ቤተሰቦቼ ቡና ሲጠጡ እኔ የሰው እራት ላይ ነኝ። ልጆቼን የማገኘው ሥራ ጨርሼ ክፍሌ ስገባ ነው። ያን ጊዜ ቤት ያለው ስልክ ተዘግቶ ባገኘው ምን እንደሚሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከሰው ጋር መነጋገርና ቲክቶክ ላይ ማምሸት በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ስትከፍተው የስኒው ኳኳታና የእናቴ ምርቃት አብሮ ይሰማኛል፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ በቦታው መገኘት የለም። እህቴ፣ ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት የእሱን ጥሪ ክፍት አድርገው ሌላውን ይዝጉ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኩዌቷ እህቴ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ እኔም ሳዑዲ ያለች ታናሽ እህት አለችኝና የእሷን ጥሪ ክፍት አደርገዋለሁ። ቻናሎቹን ዘግቻለሁ። አንድ ነገር ግን አልተፈታም፦ አለቃዬ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላም ወደ ግሩፑ ሥራ ይልካሉ፤ ዝም ብል እንደ ቸልተኛ እንዳልታይ እፈራለሁ።

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ሐዋሳ)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ ከዚያ በላይ የሚሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። ፈረንሳይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሥራ መልእክት የመራቅን መብት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሕጓ አስገብታለች። ሆኖም በእርስዎ ሁኔታ አዋጅ ጠቅሶ ከመጀመር በፊት አለቃዎን ቀን ላይ፣ በአካል ማነጋገሩ ይሻላል። «አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፣ አነሣለሁ፤ በግሩፕ የተላከውን ግን ጠዋት ስገባ አየዋለሁ» ይበሏቸው። የሚያጣድፍ ሥራ የመጣ እንደሆነ ይደውላሉ፤ ካልሆነም መልእክቱ እስከ ጠዋት ይቆያል። ከተስማሙ በኋላ ስምምነቱን በአጭሩ ጽፈው እዚያው ግሩፑ ላይ ያስቀምጡት፤ የሥራ ባልደረቦችዎም ይጠቀሙበታል።