ቤቲንግ ቤት ደጃፍ እየኖርን የቁማር ማንጋ ለምን ይይዘናል?

ኮዬ_ብሎክ፦
እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ቤቲንግ ቤቱ ከዳቦ ቤቱ አያንስም። ቁማር ብርቅ አይደለም። ታዲያ «ካይጂ» የሚባለውን የጃፓን የቁማር ማንጋ (ኮሚክ) የጀመረ ሰው ማቆም የሚያቅተው ለምንድን ነው? ጥያቄዬ ለሥራ ነው። 40 ገጽ የአማርኛ ኮሚክ እየሣልን ነው፤ ታሪኩ በእግር ኳስ ውርርድ ላይ ነው። ቲኬቱ እስኪቆረጥ ድረስ ጥሩ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ይሞታል። ምን ጎደለው?

ጎፈር_ነኝ፦
የጎደለው ውሳኔ ነው። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ሰውዬው የሚሠራው የለውም፣ 90 ደቂቃ ስክሪን ላይ ያፈጣል። የካይጂን (ደራሲው ፉኩሞቶ ኖቡዩኪ፣ የጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ.) የመርከብ ጨዋታ ደግማችሁ እዩት፤ ባለዕዳዎች ከዕዳቸው ለመውጣት መርከብ ላይ የሚጫወቱት ነው። ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ነው፣ ሕፃንም ያውቀዋል። ለውጡ ካርድ መሆኑ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው 4 ድንጋይ፣ 4 ወረቀት፣ 4 መቀስ፣ ከ3 ኮከብ ጋር። የተሸነፈ አንድ ኮከብ ይሰጣል። እኩል ከወጡ ኮከብ አይነካም፣ ሁለቱ ካርዶች ግን ይቃጠላሉ። በ4 ሰዓት ውስጥ ካርዱን ጨርሶ ቢያንስ 3 ኮከብ የያዘ ይድናል።

ሰሌዳው ከየዓይነቱ ስንት ካርድ እንደቀረ ለሁሉም ያሳያል። ድንጋይ ካለቀ መቀስ የያዘ ሰው ማንን ይፈራል? ይህን አንባቢው ከባለታሪኩ ከካይጂ ቀድሞ ሊያሰላው ይችላል። ኮከብና ካርድ መሸጥም አልተከለከለም። ቀዳዳው ሕጉ ሲነበብ ጀምሮ ዓይናችን ፊት ነበር፤ አላየነውም እንጂ ማንም አልደበቀውም። እኔን የሚይዘኝ ይኼ ነው።

ዋስ_አልሆንም፦
ሕጉ ብቻ ቢሆን ቼዝ ይበቃን ነበር። ካይጂ መርከቡ ላይ የወጣው ለሥራ ባልደረባው ዋስ ሆኖ ስለፈረመ ነው። ይህን ለሐበሻ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም! ብድሩ 300,000 የን ነበር። በወር 20 በመቶ፣ ወለድ በወለድ፣ በ14 ወር 3.85 ሚሊዮን ሆነ። ካልኩሌተር አንሡና 1.2ን 14 ጊዜ እርስ በርሱ አባዙት፣ ልክ ይመጣል።

መርከቡ ላይም እንደዚያው ነው። መጫወቻው ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን የን ብድር ሆኖ በየ10 ደቂቃው 1.5 በመቶ ይወልዳል። 4 ሰዓት ማለት 24 ጊዜ ነው፤ 10 ሚሊዮን የወሰደ 14.3 ሚሊዮን ያህል ይመልሳል። ጥግ ይዞ መቀመጥም ያስከፍላል ማለት ነው። የእናንተ ሰውዬ 50 ብር ቢበላ ምን ይሆናል? ምሳ ይቀርበታል። ለዚህ ማን ገጽ ይገልጣል?

ሦስት_ለአራት፦
ስፖይለር አለ፣ ያላነበበ ይለፈው። ሁለታችሁም የምትሉት አንድ ላይ የሚገኘው እዚያው ካይጂ ውስጥ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ካርድ ጨዋታ ነው። አንዱ 1 ንጉሥና 4 ዜጋ፣ ሌላው 1 ባሪያና 4 ዜጋ ይይዛል። ንጉሥ ዜጋን፣ ዜጋ ባሪያን፣ የሚያጣው የሌለው ባሪያ ደግሞ ንጉሥን ይበላል። ባሪያው የሚያሸንፈው ሁለቱ በአንድ ተራ ከተገናኙ ብቻ ስለሆነ፣ በጭፍን ከተጣለ ዕድሉ 5ኛ እጅ ነው። የሚከፈለው ግን 5 እጥፍ ነው። ሚዛኑ 4 እጥፍ ላይ ነበር፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ባሪያ መሆን ያዋጣል!

ችግሩ ማስያዣው ጆሮ መሆኑ ነው። ጆሮው ውስጥ የሚገጠመው ባለ መርፌ መሣሪያ ከታምቡሩ 30 ሚሊሜትር ይርቃል፣ በተሸነፈ ቁጥር የተወራረደውን ሚሊሜትር ያህል ይጠጋል። 12 ዙር ሆኖ በየ3ቱ ወገን ስለሚቀያየሩ ባሪያ የሚሆነው 6 ጊዜ ነው፤ ስድስቱንም የመሸነፍ ዕድሉ 26 በመቶ ያህል። ሒሳቡ «ግባ» ይላል፣ ጆሮ «ውጣ» ይላል። እዚያ መሃል ላይ ነው ላቡና ያ «ዛዋ ዛዋ» የሚለው ጉምጉምታ ገጹን የሚሞላው።

(የዚሁ ደራሲ የማጆንግ (የጠጠር ቁማር) ማንጋ የሆነውን አካጊን ግን ለሞዴል አትውሰዱ። ከ1991 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ግሩም ሥራ ነው፣ ነገር ግን ማጆንግ የማያውቅ አንባቢ ግማሹን በእምነት ነው የሚያነበው።)

ኮዬ_ብሎክ፦
ገባኝ። ኳሱን ትተን ዕቁብ ብናደርገውስ? ወይስ «ዕቁብ ቁማር አይደለም» ተብሎ ስድብ ያመጣብናል?

ዋስ_አልሆንም፦
ቁማር አይደለም፣ ለዚህም ነው የሚያምረው። 12 አባል፣ በሳምንት 1,000 ብር፣ ዕጣው 12,000። በ1ኛው ሳምንት 12 ስም፣ በ9ኛው 4 ስም ይቀራል፤ ሰሌዳችሁ ተገኘ። ዕጣ መሸጥ የታወቀ ነው፣ ንግዳችሁም ተገኘ። ቀድሞ የበላ እስከ መጨረሻው መክፈል ስላለበት ዋስ ይጠራል፤ ዕዳውም ሰው ላይ ተንጠለጠለ። ባለታሪኩ ብሩን የሚፈልግበት ቀን ይቆረጥ፣ ለምሳሌ ከ3ኛው ሳምንት በፊት። እሱ ከሌለ ተራውን ይጠብቃል፣ ታሪክ የለም።

ጎፈር_ነኝ፦
ሕጉን ከአንድ ገጽ አታስበልጡት። የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ምንም ተንኮል ይውጣ፣ አንባቢው አሠራሩን በዚያ ይልመድ። ዳኛው ሊያጭበረብር ከሆነም መጨረሻ ላይ «ለካ» ብላችሁ አታምጡት፤ አንባቢ የሚናደደው እዚያ ላይ ነው። ወረቀቷ ከሌሎቹ በተለየ የምትታጠፍ ከሆነ ገጽ 6 ላይ በትንሹም ቢሆን ትሣል፣ ስለ እሷ ግን ማንም ቃል አይተንፍስ።