ካምፔይናችን ከመሐል ሊቋረጥ ነው፤ እንዴት እንሰናበት?

ባለ ዳይሱ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በዲስኮርድ (በኢንተርኔት የድምፅና የጽሑፍ መነጋገሪያ) እየተነጋገርን፣ ካርታውን በሮል ትዌንቲ (በኢንተርኔት የጨዋታ ገበታ) ከፍተን የምንጫወተው የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ካምፔይን ወደታሰበለት ፍጻሜ ሳይደርስ ሊቆም ነው፤ ይህ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ ዳይስ (የዕጣ ጠጠር) እየጣለ የሚጫወተው የተረት ጨዋታ ሲሆን፣ ካምፔይን የምንለውም በተከታታይ ምሽቶች የሚቀጥለውን አንድ ረጅም ታሪክ ነው። ታሪኩን የምመራው የጨዋታው መሪ እኔ ስሆን፣ ተጫዋቾቹ በአዲስ አበባ፣ በዱባይና በሜሪላንድ ይኖራሉ። በጥቅምት ማብቂያ አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ የለመድነው የምሽቱ 3 ሰዓት ለአዲስ አበባ 4፣ ለዱባይ ደግሞ 5 ስለሚሆን መሰባሰቡ ቀድሞውንም እያስቸገረን ነበር፤ አሁን እኔ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ልጀምር በመሆኑ መቀጠል አይቻልም። ገጸ ባሕርያቱ 8ኛው የችሎታ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ንጉሡን ማን እንዳስመረዘውም ገና አላወቁም። አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ይደረግ ወይስ በጽሑፍ መሰናበት ይሻላል? የደበቅሁትን ምስጢርስ ልንገራቸው?

ነባር መሪ፦
ከሁሉ አስቀድመው መቆሙን በግልጽ ቃል ይንገሯቸው። «ለጊዜው እረፍት ላይ ነን» የሚለው ማስታወቂያ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዎቹ ቅዳሜ ምሽታቸውን ለወራት ባዶ አድርገው እንዲጠብቁ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ማንም ለማንም ደኅና ሁን ሳይል ቡድኑ ይበተናል።

የመጨረሻ ጨዋታ ይደረግ ባይ ነኝ፤ ሆኖም የቀረውን ታሪክ በሙሉ በአንድ ምሽት ለማስሮጥ አይሞክሩ። ተጫዋቾቹ ሲያሳድዱት የቆዩትን አንድ ጥያቄ፣ ማለትም የንጉሡን መመረዝ ይምረጡና ጉዞውንም የጎን ተልእኮውንም ዘለው በቀጥታ መልሱ ወዳለበት ክፍል ያስገቧቸው። በ8ኛ ደረጃ አንድ ከበድ ያለ ውጊያ ብቻውን ምሽቱን ሊጨርሰው ስለሚችል የጠላቶቹን ቁጥር ይቀንሱ። ከዚያ ዳይሱ ይቀመጥና እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርይው ከ10 ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ በራሱ አንደበት ይናገር። በዚህ ሰዓት ዳይስ ጥለው ዕድላቸውን እንዲፈትኑ አይጠይቁ፤ ሰው ለገጸ ባሕርይው የተመኘለት እርሻ ወይም ዙፋን በመጥፎ ቁጥር መበላሸት የለበትም። አያቶቻችን እንኳ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳይሉ ተረት አይጨርሱም ነበር።

ከሐይቅ ማዶ፦
በመጀመሪያው ነጥብ እስማማለሁ፤ በሁለተኛው ግን እጠራጠራለሁ። ሦስት የሰዓት ክልል ያለው ቡድን ሲለያይ በመጨረሻው ምሽት አንድ ሰው የመቅረቱ ነገር አይቀርም፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ይልቅ ስንብቱ የሚያስፈልገው ነው። እኔ በተጫወትሁበት አንድ ካምፔይን መሪያችን ፍጻሜውን በጥድፊያ ስላቀረበልን፣ ለረጅም ጊዜ ስንፈራው የኖርነው ጠላት ወግ ባለው ውጊያ ሳይሆን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሞተ፤ ሳይፈታ ቢቀር በወደድሁ ነበር።

ስለዚህ በሰርቨሩ (በዲስኮርድ ባለው የቡድናችሁ መሰብሰቢያ) ላይ ለስንብት ብቻ የሚሆን የጽሑፍ ክፍል ከፍተው ለአንድ ሳምንት ይተዉት። እያንዳንዱ በተመቸው ሰዓት ገጸ ባሕርይው ለባልንጀሮቹ የሚተወውን ደብዳቤ ይጻፍ፤ ሌሎቹም በገጸ ባሕርያቸው ድምፅ ይመልሱለት። ለሰዎቹ የሚነገረው ምስጋና ግን ከዚህ ይለይ። ድንክ ተዋጊው ለጠንቋዩ ያለው ፍቅር ሌላ ነው፤ ዱባይ ያለው ልጅ ከሥራ ደክሞ ገብቶ በየሳምንቱ ስለተገኘ የሚገባው ምስጋና ሌላ ነው።

መዝገብ ያዥ፦
ስለ ዕቃውም እናስብ። በሮል ትዌንቲ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ከሰረዘው ካርታውም የገጸ ባሕርያቱ ችሎታና ንብረት የተመዘገበበት ቅጽም ለሁሉም ይጠፋል፤ የተሰረዘ የዲስኮርድ ሰርቨርም አይመለስም። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ ለተጫዋቾቹ ቅጻቸውን እንዲገለብጡ ጊዜ ይስጧቸው፤ የሰርቨሩን ባለቤትነትም ለሚቀር ሰው ያስተላልፉ፤ ዲስኮርድ ይህን ይፈቅዳል።

ባለ ዳይሱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጽሑፍ ክፍሉን ዛሬ እከፍታለሁ፤ አጭር የመጨረሻ ጨዋታም ሁሉም የሚችሉበት ቀን ከተገኘ ብቻ ይሆናል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የሜሪላንዷ ተጫዋች መሪነቱን ተረክባ በሚቀጥለው ዓመት ልትቀጥለው እንደምትችል ነግራኛለች።

ነባር መሪ፦
እንዲያ ከሆነ ስለ መርዙ ምስጢር ያልሁትን ትቼዋለሁ፤ መልሱን ለሁሉም አይግለጡት። ማስታወሻዎን ለእርሷ ብቻ ይስጡና የወደደችውን እንድትለውጥ ይፍቀዱላት። ለሌሎቹ ግን ትቀጥላለች ብለው ተስፋ አይስጡ፤ የእርስዎ ካምፔይን ማብቃቱን ይንገሯቸውና እርሷ ስትዘጋጅ ራሷ ትጋብዛቸው።