ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ትኩስ የጣሊያን ፎርማጆ ለምትፈልጉ

ሞዛሬላ የት ይገኛል እያላችሁ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ከምትዞሩ፣ ቤታችሁ ሪኮታ፣ ለስላሳውን ነጭ ፎርማጆ፣ ሥሩ። ብራችሁን ጥሩ ወተት፣ ጥሩ ዘይትና ትኩስ ዳቦ ላይ አውሉት። ዋጋ አልጽፍም፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

የሱቁን ጉዳይ ቶሎ ልጨርስ። ሱፐርማርኬት የምታገኙት በአብዛኛው ጠንከር ያለው ቺዝ ነው፤ ፕሮቮሎኔ፣ ጎዳ፣ ፒዛ ላይ የሚፈቀፈቀው ዓይነት። ለላዛኛ አሪፍ ነው፣ እንዲሁ ከዳቦ ጋር ለመብላት ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው ውስጥ የሚቀመጠው ነጩ ሞዛሬላ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ስታገኙት ግን ፍሪጁን ጠርጥሩ። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የከረመውን ሸጦልኝ ገና ስከፍተው ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው። ከረጢቱ ከተነፋ አትንኩት።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እሰየው፤ በረዶ ካለው ቦርሳ ጋር ይያዝላችሁ። በመኪና ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ይቅርባችሁ። በተለይ ቡራታን አታስቡት። ይህ የደቡብ ጣሊያኗ የአንድሪያ ከተማ ፎርማጆ ውጩ ሞዛሬላ፣ ውስጡ ክሬምና የሞዛሬላ ብጥስጣሽ ነው፤ በተሠራ በአንድ ሁለት ቀን ካልተበላ ጣዕሙ የለም።

አሁን ወደ ወተቱ። የካርቶኑ የረጅም ጊዜ ወተት ከመጠን በላይ ሙቀት ስላየ ጥሩ አይረጋም። የወተት ቤቱ እንደ ቀኑ ነው፤ አንዳንዴ ውሃ ውሃ ይላል። እኔ የምመክረው አዘዞ በኩል ወይም ሰፈራችሁ ላም ካለው ቤት በቀጥታ መውሰድ ነው። «እትዬ፣ የጠዋቱን፣ ቅባቱ ያልተነሳለትን» በሉ፤ ሴትዮዋ ምን እንደፈለጋችሁ ወዲያው ይገባቸዋል። ደግሞ የጾም ሰሞን ወተት ፈላጊ ስለሚያጣ፣ ለማይጾምና ለልጆች ለምትሠሩ ጥሩው ጊዜ ያኔ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 2 ሊትር ወተት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ወፍራም ድስት ላይ ጣዱ፤ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ እንዳያር አማስሉት። የሚፈለገው ሙቀት 85 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ለሌለው፦ ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ገና 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲያሳይና እንፋሎቱ ሲጠነክር፣ ሳይገነፍል፣ አውርዱት። 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ዙሪያውን አፍስሱና አንድ ሁለቴ ብቻ አማስላችሁ ተዉት። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጩ እየተቋጠረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው አጓት ቢጫ አረንጓዴ መስሎ ይጠራል። አሁንም ነጭ ከሆነ አንድ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩ። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ግን አትጭመቁት! የአይብ ልማዳችን እጃችንን ያሳክከናል፤ ከተጨመቀ ግን አሸዋ ነው የሚሆነው። ከ300 እስከ 400 ግራም ይወጣችኋል።

ጣሊያኖች ራሳቸው ሪኮታን የሚሠሩት ፎርማጆ ከወጣለት አጓት ነው፤ የሙሉ ወተቱ የቤት ዘዴ ነው፣ ለእኔ እንዲያውም ይጣፍጠኛል።

«አይብ እያለን ምን አደከመን» ለምትሉ፣ ቅዳሜ ገበያ የምትገዙት አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ብዙ ቅባት የለውም፣ ኮምጠጥም ይላል። ለክትፎ ወደር የለውም። ቸኩላችሁ ከሆነ በጣም ትኩሱን ገዝታችሁ ከፈላ ወተት ላይ የተነሳ ስልባቦት ጋር በሹካ ምቱት፤ ሪኮታ አይሆንም፣ ግን እንግዳ ፊት አያሳፍርም።

ሲቀርብ ቀዝቃዛውን አታቅርቡ። ሞዛሬላ ያገኘ ሰው ከፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ያውጣ፣ ውሃውን ያንጠፍጥፍ፣ በቢላ ሳይሆን በእጁ ይቅደደው። የፎገራው ቲማቲም ሲበስል ቁረጡና ጨው ነስንሱበት፣ ከላይ የወይራ ዘይት። ዘይቱ ላይ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለውን፣ ጥቁር ጠርሙሱን ምረጡ። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ኃይለኛ ነው፣ ይውጠዋል። ባዚል ካጣችሁ እርጥብ በሶብላ ይሆናል፣ ግን ስለሚጠነክር ሁለት ሦስት ቅጠል ይበቃል። ቃሪያና ሽንኩርት እባካችሁ ተዉት፤ እሱ ሌላ ሰላጣ ነው።

ሪኮታው ገና ሞቅ እንዳለ ከነጭ ማር ጋር ደግሞ ሞክሩት፣ አጠገቡ ቡና። ዳቦው ፉርኖ ይሁን፣ ከምድጃ እንደወጣ። አምባሻም ይሄዳል። ድፎ ግን ኮባው መዓዛውን ስለሚሻማ ብዙም አልወደውም።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ ግን ለነገ አታቆዩት፣ ጎረቤት ጥሩና ጨርሱት። አጓቱንም አትድፉት፤ ሊጥ ስታቦኩ በውሃ ፈንታ ተጠቀሙበት። ላም ያለው ቤት የምታውቁ ሰፈሩን ብቻ ጻፉልን፣ የሰው ስልክ አትለጥፉ።