ፍሪሲዮን ተጨብጦ አይመለስም፤ ገመዱን እንዴት ልለካ?

የአሮጌ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሲጨበጥ ይከብዳል፣ ሲለቀቅ እጀታው ግማሽ ላይ ይቀራል። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ስፈታው እጀታውም ሞተሩ ላይ ያለው ማንሻም ለብቻቸው በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ ችግሩ ገመዱ በሚያልፍበት ሽፋን ውስጥ ነው። የላይኛውን ጫፍ በፕላስቲክ ከረጢት ጥግ አስሬ፣ ቀጭን ዘይት ሞልቼ ሌሊቱን ሰቀልኩት። ከታች የወጣው ዝገት የቀላቀለ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። (ግሪስ አልነካሁም፤ አቧራ ይዞ ያባብሰዋል።) መሪው ሥር በሚታጠፍበት ቦታ ሽፋኑ ተሰንጥቋል፣ ውሃ የገባው በዚያ ይመስለኛል። ጫፉ አጠገብም ሁለት ክር ስለተበጠሰ መቀየሩ አይቀርም።

የከበደኝ ልኩ ነው። ተመሳሳዩን ባላገኝ፣ ከጠቅላላ ርዝመቱና ከሽፋኑ ውጭ ከሚተርፈው የትኛው ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት? የገመዱን ውጥረት ማስተካከያ ብሎንስ አዲሱን ስገጥም መሃል ላይ ልተወው ወይስ እስከ መጨረሻው ላስገባው?